ቪላ ወይስ ፎቅ፣ ጂፕሰም ወይስ ብሎኬት፦ በመሃል አዲስ አበባ ስፓ ለሚያዘጋጁ የንጽጽር መመሪያ

እንግዳ ስፓ ገብቶ ቅር ብሎት ሲወጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የግድግዳው ቀለም አይደለም። ተንጋሎ ሲተኛ ዓይኑ ውስጥ የሚገባ ስፖት፣ ከጎን ክፍል የሚሰማ ወሬ፣ ሳሙና እንደተቀባ የሚቀዘቅዝ ሻወር፣ ፎጣው ላይ የቀረ የጢስ ሽታ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚወሰኑት በግንባታው ጊዜ ነው፤ ካለቀ በኋላ አበባና ሻማ አያድናቸውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ያስቀመጥነው ገንዘቡ መውጣት ባለበት ቅደም ተከተል ነው። ታሳቢ ያደረግነው ከ150 እስከ 250 ካሬ ሜትር የሆነ፣ አራት አምስት የማሳጅ ክፍል፣ አንድ የሞሮኮ ባዝና አንድ ስቲም ያለው፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስና ቦሌ መንገድ ባለው አካባቢ የሚከፈት ስፓ ነው።

ቪላ ወይስ ፎቅ ላይ

የቪላ ትልቁ ጥቅም መሬት ላይ መሆኑ ነው። የፍሳሽ መስመር በፈለጉት በኩል ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሮቶው ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ለወይባ ጢስ ማውጫ በጣሪያ በኩል ይሠራል። እንግዳም መኪናውን ግቢ አቁሞ ማንም ሳያየው ይገባል፤ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ፀጉራቸውን ጠቅልለው ለሚወጡ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ መሃል ከተማ የቀሩት አሮጌ ቪላዎች የብዙዎቹ ግድግዳ ጭቃ መሆኑ ነው። ላዩ ተለስኖ ቀለም ስለተቀባ በዓይን አይለይም። ከበር ጀርባ አንድ ረጅም ምስማር መትተው ይዩ፦ ያለ ትግል ገብቶ ሲነቀል ቡናማ ዱቄት ይዞ ከወጣ ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ እርጥበት እስኪያገኘው ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው፤ ከዚያ ግድግዳው ያብጥና ልስኑን ይዞ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቤት ከወደዱ ማሳጁን ዋናው ቤት ውስጥ አድርገው፣ ስቲሙንና ሻወሩን ግቢ ውስጥ በብሎኬት ለብቻ ይሥሩ፤ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ፣ የግንባታ ፈቃዱንም አስቀድመው ይያዙ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በፒያሳም በካዛንቺስም ብዙ ቤት ስለፈረሰ፣ ቦታው ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ክፍለ ከተማው ዘንድ ሳያጣሩ ኪራይ አይክፈሉ። የተለጠፈ ሴራሚክ ነቅሎ የሚሄድ ተከራይ የለም።

ፎቅ ላይ ሊፍት አለ፣ ጥበቃ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሕንፃ ጄኔሬተርም አለ። ጄኔሬተሩ ግን በአብዛኛው መብራትና ሊፍት እንጂ የእርስዎን ስቲም እንዲሸከም ታስቦ አልተገዛም፤ ስንት ኪሎ ዋት እንደሚደርስዎ ቁጥሩን ጠይቀው ውሉ ላይ ያስገቡ። ከዚያ የሚከብደው ፍሳሽ ነው። የወለሉን ኮንክሪት መብሳት የሚፈቅድ አከራይ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቧንቧው ከወለሉ በላይ ይሄዳል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ሻወሩ ከሕንፃው የፍሳሽ መስመር 4 ሜትር ቢርቅ፣ በሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዘቅዘቅ ሲል 8 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቧንቧው ራሱ 5፣ ከላዩ ሊሾና ሴራሚክ ሌላ 5 ይጨምራል። ወለልዎ 18 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ ማለት ነው። በሩ ላይ አንድ ደረጃ ይመጣል፣ ዘይት የተቀባ እግር የሚስተው ደግሞ ያንን ደረጃ ነው። እርጥብ ክፍሎቹን ከሕንፃው መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ጋር አጣብቀው ካስቀመጧቸው ርቀቱ ከ1 ሜትር ተኩል ሊያንስና ጣጣው ሊቀል ይችላል። እንዲህ የማይመች ከሆነ ያንን ወለል መተው ነው። ከላይ ጂም፣ ከሥር የሙዚቃ ቤት ካለም እንዲሁ።

እኛን ከጠየቁን፦ ዋናው ገቢ ከሞሮኮ ባዝና ከወይባ የሚመጣ ከሆነ ቪላ፤ ማሳጅ፣ ፊትና ጥፍር ከሆነ ፎቅ።

የማሳጅ ክፍል፦ ስፋቱና ግድግዳው

የማሳጅ አልጋ 70 በ190 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ባለሙያዋ በሁለቱም ጎን ሳትሾልክ እንድትሠራ 80፣ 80 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋታል፤ በራስጌ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንገት የምትሠራበት ሌላ 80፣ በግርጌ 60። መደርደሪያና የእጅ መታጠቢያ ሲጨመር 2 ሜትር ከ70 በ3 ሜትር ከ30 ይወጣል፣ 9 ካሬ ሜትር ገደማ። ክፍል ለማብዛት ሲባል 2 በ2 ሜትር ከ50 የሚከፍሉ አሉ፤ ውጤቱ በዳሌ እየተገፋ ግድግዳ የሚመታ አልጋ ነው። አምስት ጠባብ ክፍል ከሚሠሩ አራት ሙሉ ክፍል ይሥሩ።

የግድግዳው ምርጫ ሦስት ነው። ባለ 15 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት በሁለቱም ፊት ተለስኖ ወደ 45 ዴሲቤል ድምፅ ይቀንሳል። መደበኛ ንግግርን ወደ ማጉረምረም ያወርደዋል፣ እርጥበትም ይችላል። ክብደቱ ግን ከባድ ነው፦ 3 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከ80 ከፍታ ያለው አንድ ግድግዳ 2 ቶን ገደማ ስለሚመዝን ፎቅ ላይ ያለ መሐንዲስ ፈቃድ አይደረደርም። ሁለተኛው በየፊቱ አንድ አንድ ጂፕሰም ቦርድ ተመትቶ ውስጡ ባዶ የሚቀረው ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፣ በየቢሮው የምናየውም እሱ ነው፤ ከ35 ዴሲቤል ብዙ አያልፍም፣ ወሬው ቃል በቃል ይሰማል። ለመጋዘንና ለልብስ መቀየሪያ ይሆናል፣ ለማሳጅ አይሆንም። ሦስተኛው በየፊቱ ሁለት ሁለት ቦርድ ሆኖ በብረቱ መሃል የድንጋይ ሱፍ የሚገባበት ነው፤ ወደ 50 ይደርሳል፣ ክብደቱም ከብሎኬቱ ሩብ አይሞላም። ፎቅ ላይ ይህን ይምረጡ። የሁለቱ ቦርድ መጋጠሚያዎች አንድ ቦታ ላይ እንዳይገጥሙ፣ ማብሪያ ማጥፊያዎችም በሁለቱ ክፍል ጀርባ ለጀርባ እንዳይሆኑ አናጢውን ቆመው ያሠሩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገንዘቡ የሚባክንባት አንዲት ቦታ አለች። ሠራተኛው መጀመሪያ ኮርኒሱን ይሠራና ግድግዳውን ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆመዋል። ድምፁ በግድግዳው ሳይሆን ከኮርኒሱ በላይ ባለው ባዶ ቦታ ዞሮ ይመጣል። ግድግዳው መጀመሪያ እስከ ኮንክሪቱ ድረስ መውጣት፣ ጠርዙ በሲልከን መታሸግ አለበት፤ ኮርኒስ ከዚያ በኋላ ነው። በሩም ውስጡ ባዶ የሆነ ቀላል በር ከሆነ፣ ከሥሩ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለው፣ ባለ ሁለት ቦርዱን ግድግዳ ከንቱ ያደርገዋል። ድፍን እንጨት፣ ዙሪያውን ጎማ፣ ከሥር መጥረጊያ ጎማ ይደረግለት። ክፍሉ ሲታፈን ደግሞ አየር ስለሚያጥረው ድምፅ አልባ ኤግዞስት ፋን ያስፈልገዋል። ቀለም ከመቀባቱ በፊት አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ስልክ እያወራ፣ እርስዎ ጎረቤት ክፍል አልጋው በሚቆምበት ቦታ ሆነው ይስሙ። ቃሉ ከተለየ ሥራው አላለቀም።

አረንጓዴው ጂፕሰም ቦርድ ውሃ ይችላል ይባላል። የእጅ መታጠቢያ አካባቢ ያለውን እርጥበት ይችል ይሆናል፤ ሻወርና ስቲም ውስጥ ግን ወረቀቱ ይሻግታል። እዚያ ብሎኬት ወይም ሲሚንቶ ቦርድ ብቻ።

ወለል

እርጥቡ ወለል ላይ ምርጫው በውበት ሳይሆን በማንሸራተት ነው የሚጀምረው። የሚያብለጨልጭ ፖርሰሊን ሱቅ ውስጥ ዓይን ይስባል፤ ሳሙናና የአርጋን ዘይት ሲነካው ሰው ይጥላል። ካርቶኑ ላይ ለባዶ እግር የሚሰጠውን ደረጃ ይፈልጉ፦ ኤ ደረቅ ለሚባል፣ ቢ ለሻወር፣ ሲ ለተዳፋትና ለውሃ ውስጥ ደረጃ ነው። ቢ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ደብዛዛ ፖርሰሊን ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ውሃ የሚመጠው ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ እድፍ አይጠጣም። ትንንሽ ጡብ መጋጠሚያው ስለሚበዛ እግር ይይዛል፣ ወደ ፍሳሹም በቀላሉ ይዘቀዝቃል፤ 60 በ60 የሆነው ትልቅ ሴራሚክ ወደ መሃል ፍሳሽ ሲዘቀዘቅ በሰያፍ መቆረጥ አለበት፣ ካልተቆረጠ ውሃ ያቁራል።

እምነበረድ የሞሮኮ ባዝ መልክ ይሰጣል። ግን ሎሚ ይበላዋል፣ ሂና ያቀልመዋል፣ ዘይት ይጠጣል። መደቡና ግድግዳው ላይ ያድርጉት፣ በየስድስት ወሩ መከላከያ ይቀባ፤ ወለሉ ላይ አይሁን። ባዛልት ርካሽና የአገር ነው፤ ሻካራው ወለል ላይ ያምራል፣ ጥቁርነቱ ግን የሳሙና ነጭ ሽፋን አጉልቶ ያሳያል።

ከሴራሚኩ ሥር ያለው ውሃ መከላከያ ከሴራሚኩ የበለጠ ዋጋ አለው። የሚለጠጥ የሲሚንቶ ውሃ መከላከያ ሁለት እጅ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ተጠላልፎ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ጨርቅ ተቀብሮ፣ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ፣ ሻወር ባለበት እስከ 2 ሜትር። ከዚያ ፍሳሹን ደፍነው 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉና 48 ሰዓት ይተዉት፤ ከሥር ያለውን ጣሪያ ያረጋግጡ። ሠራተኛ «አይፈስም፣ አታስቡ» ብሎ ይህን መዝለል ይወዳል። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ሴራሚኩን ሁሉ ያስነሳል፣ ከሥር ላለው ቢሮም ኮርኒስ ያስከፍላል።

ደረቅ ክፍሎች ውስጥ ጉዳዩ ብርድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር የቆመ እንግዳ ጡንቻው ይጨማደዳል፤ ማሳጁ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይጀምራል። በጠቅታ የሚገጠመው የእንጨት መልክ ያለው ኤስፒሲ (የድንጋይ ዱቄትና የፕላስቲክ ውህድ ንጣፍ) ለማሳጅ ክፍል የምንመርጠው ነው፦ ሞቅ ይላል፣ ውሃ ይችላል፣ ድምፅ አያስተጋባም። ከሥሩ ያለው ሊሾ ግን በ2 ሜትር ርዝመት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ካለ መጋጠሚያው ይሰበራል። ላሚኔት ፓርኬ ጠርዙ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ይተዉት። ምንጣፍ ዘይት ይጠጣል፣ አይወጣም።

ውሃ

የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቀኑን ሳይሆን ክፍተቱን ነው ማስላት። የሞሮኮ ባዝ ለአንድ ሰው በግምት 120 ሊትር፣ ተራ ሻወር 70 ሊትር ይወስዳል፤ ላውንደሪ ለብቻው ነው። በቀን 20 እንግዳ ካለዎት ከላውንደሪው ጋር ከ2000 ሊትር በላይ ይሄዳል፤ ለሦስት ቀን የሚበቃ ሮቶ ከ6000 እስከ 7000 ሊትር ነው። ይህ 7 ቶን ስለሆነ የቪላ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ መሬት ላይ ተቀምጦ በፓምፕ ይገፋል። ፓምፑንም አይዝለሉት፦ ከሻወሩ 3 ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ 0.3 ባር ግፊት ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ጥሩ ሻወር 1.5 ይፈልጋል።

ለማሞቂያ ሰዎች የሚያመነቱት በቅጽበት በሚያሞቀውና በባለ ታንከር ቦይለር መካከል ነው። ቀዝቃዛው ውሃ 18 ዲግሪ አካባቢ ነው ብንል፣ በደቂቃ 6 ሊትር ወደ 40 ለማድረስ 9 ኪሎ ዋት ግድም ይጠይቃል። ገበያ ላይ የሚበዛው 5.5 ኪሎ ዋቱ በደቂቃ 3.6 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ቀጭን ጅረት ነው፣ መብራት ሲዳከም ደግሞ ይቀዘቅዛል። ለእጅ መታጠቢያ እንጂ ለእንግዳ ሻወር አይሆንም። ባለ 80 ሊትሩ ቦይለር ደግሞ 65 ዲግሪ ሞቆ ከቀዝቃዛ ጋር ሲደባለቅ በተግባር 130 ሊትር ገደማ ያጠጣል። አንድ የሞሮኮ ባዝ ነው፤ ሁለተኛዋ እንግዳ ትጠብቃለች። ስለዚህ 300 ሊትር ታንከር፣ 6 ኪሎ ዋት፤ ሙቅ ውሃው ካለቀ በኋላ መልሶ ለማሞቅ ሦስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ሌሊት እንዲሞቅ በሰዓት መቆጣጠሪያ ያሠሩት። ሶላር በበጋ ወጪውን ይቀንሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቅ ሳይሆን ለብ ያለ ይሰጣል፣ ስለዚህ ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዞ እንጂ ለብቻው አይታመንም። ታንከሩ ከ60 ዲግሪ በታች አይቀመጥ፦ ለብ ያለ የቆመ ውሃ የሳንባ ምች የሚያመጣው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ማራቢያ ነው።

ስቲም፣ ሳውና፣ የሞሮኮ ባዝ፣ ወይባ

ስቲም ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ነው፣ እርጥበቱ ሙሉ። ሳውና ከ70 እስከ 90፣ ደረቅ። ቦታው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ስቲም ይሁን፤ ከሞሮኮ ባዝ ጋር አንድ ላይ ይሄዳል፣ ሳውና ግን ሙጫ የሌለውና ጉጥ ያልበዛበት እንጨት ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ በዚያ ሙቀት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

የስቲም ማሽን በሜትር ኪዩብ 1 ኪሎ ዋት ብለው ያስሉ፣ ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ ሲሶ ይጨምሩ። 2 በ2 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ30 የሆነ ክፍል 9 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በአንድ ፌዝ 41 አምፔር ስለሆነ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ የተጠራቀመው ጠብታ ቀዝቅዞ እንግዳው ጀርባ ላይ ይወርዳል፤ በሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ግድግዳው ይዘቅዘቅ። እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ መቀመጫ ሥር፣ ከእግር መንገድ ዞር ብሎ ይሁን። ተራ ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ጣሪያ በወራት ውስጥ ይላጣል።

የሞሮኮ ባዝ ክፍሉ ሞቆ የድንጋይ መደቡ ቀዝቃዛ የሚሆንበት ብዙ ቦታ አለ። መደቡ በራሱ መሞቅ አለበት፦ ከሥር 3 ሳንቲ ሜትር ፎም፣ ከላዩ የሙቅ ውሃ ቧንቧ፣ ከዚያ ሊሾና ድንጋይ። ይህ ሲሠራ እንጂ በኋላ አይጨመርም።

ወይባ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ የአገራችን በመሆኑም ብዙ እንግዳ የሚመጣለት ነው። የወይባም ይሁን የቦለቅያ እንጨት፣ ሲጤስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ገዳይ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም። ስለዚህ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ወይባ አይታሰብ። ሁለት አሠራር አለ። ጉድጓዱ ላይ ተቀምጦ በጋቢና በብርድ ልብስ መሸፈን ባህሉን ይጠብቃል፤ ጢሱ ግን ክፍሉን ይሞላዋል፣ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ስትተነፍሰው ትውላለች። አንገት የሚወጣበት የእንጨት ሳጥን ጢሱን ይይዛል፣ ከጀርባው በቧንቧ ወደ ላይ ያስወጣዋል። ሳጥኑን እንመርጣለን። ፍሙ በብረት ዕቃ ተቀምጦ ከታች የሚወጣ፣ በሩ ከውስጥም የሚከፈት ይሁን። ንጹሕ አየር ከታች ይግባ፣ ጢሱ ከጣሪያው በላይ ይውጣ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይሰቀል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ይተው፤ ጂፕሰም ሽታውን ይጠጣና አይለቅም። ፎጣና አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ከወይባው በሁለት በር ይራቅ።

መብራት

ከተማው ውስጥ የለመድነው ነጭ መብራት 6500 ኬልቪን ነው (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ይሄዳል)፤ ፊትን ያገረጣል። መቀበያውና መተላለፊያው 3000፣ ማሳጁ 2700 በዲመር (ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ)። አምፖሉ ዲመር የሚቀበል መሆኑን ካርቶኑ ላይ ካላዩ ይርገበገባል። ከአልጋው በላይ ስፖት አይኑር፤ መብራቱ ከግድግዳው ግርጌ ወይም ከኮርኒሱ ጠርዝ ተደብቆ ይምጣ። ጥፍርና ቅንድብ የሚሠራበት ግን 4000 ኬልቪን፣ ቀለም በትክክል የሚያሳይ አምፖል ይፈልጋል፤ ድባብ ተብሎ ከደበዘዘ ቀለሙ ውጭ ሲታይ ሌላ ይሆናል። ለጽዳት ደግሞ በየክፍሉ ደማቅ መብራት ለብቻው ይጨመር፣ ማብሪያው ከእንግዳው እጅ ራቅ ብሎ።

መቀበያና ጨርቃ ጨርቅ

ቡና ካቀረቡ መቁላቱን መስኮት ያለበት ጥግ ያድርጉት ወይም ተቆልቶ የመጣ ያፍሉ። የከሰል ጢስና ዕጣን ከማሳጅ ዘይት ሽታ ጋር ሲደራረብ ራስ ያሳምማል፤ አንድ ሽታ ይምረጡ። ቄጤማ በባዶ እግር በሚኬድበት መንገድ ላይ አይጎዝጎዝ፣ ያንሸራትታል። የቀርከሃ ጣሪያና መከለያ ያምራል፣ ርካሽም ነው፤ በቦራክስና ቦሪክ አሲድ ውህድ ካልተነከረ ነቀዝ ይበላዋል፣ ስቲም አጠገብ ይሻግታል። መቀበያ ላይ ብቻ ይቆይ።

ለመሸፈኛ ጋቢ ወይስ ፍሊስ? ፍሊስ ቶሎ ይደርቃል፣ ዘይት ግን አይለቅም፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። የሽሮ ሜዳ ጋቢ ሰውነት ያርፍበታል፣ ከተሸፈኑበት በኋላ እንግዳ መነሳት አይፈልግም፤ አራት እጥፍ ስለሆነ ግን በክረምት ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። ስለዚህ ከሥር ቀጭን የጥጥ አንሶላ በየእንግዳው ይቀየር፣ ጋቢው ከላይ ይደረብና ቆዳ ሳይነካ ይቆይ፤ ከነካም ይታጠብ። በየአልጋው ሦስት ዙር አንሶላና ፎጣ ይያዙ፦ አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ መታጠቢያ፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ። ማድረቂያ ማሽን ከሌለ ከሰኔ እስከ መስከረም አራተኛ ዙር ይጨምሩ።